በሟች ስም የመጣ የመኪና ደብዳቤ

መርዶው የደረሰኝ ማክሰኞ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2003 ነው። በኖርማን ጋራዥ ውስጥ ቆሜ ነበር። የልጄን የጄራርድን መኪና የኋላ ጎማ ሚስማር ወግቶት፣ ኖርማን ጎማውን በርሜል ውሃ ውስጥ እየነከረ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ ይፈልጋል። ጄራርድ ለአምስት ቀን ካርላይል ወዳለው የሕሙማን መንከባከቢያ ቤት ሄዶ ነበር። እኔ ወገቤን እንዳሳርፍ በዓመት ሁለት ጊዜ ይወስዱልኛል። ስልኩ ጮኸ። ኖርማን እጁን በጨርቅ እየጠረገ አነሣና ጥቂት አዳመጠ። ከዚያ ሳያየኝ «ዊን፣ ላንቺ ነው» አለኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን መጻፍ አልችልም። ልጄ ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። ጡንቻ የሚያመነምነው በሽታ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ይዞት፣ መጨረሻ ላይ ልቡ ጋ ደረሰ።

መኪናዋ የእኛ አልነበረችም። መንግሥት ለጄራርድ የሚሰጠው የመንቀሳቀሻ አበል በየወሩ በቀጥታ ወደ አከራዩ ድርጅት ይሄዳል፤ ድርጅቱ በምትኩ ዊልቸር የሚያስገባ መወጣጫ ያላትን ሰማያዊ መኪና ለአምስት ዓመት ሰጠን። አምስት ዓመቱ ሲያልቅ መመለስ ነው፤ ልግዛ ላለም ዋጋ ይነገረዋል። ባለ አበሉ ከሞተ ግን ወዲያው መናገርና መኪናዋን መመለስ ነው ደንቡ።

እዚህ ከተማችን ክሊተር ሙር ውስጥ ስለ እኔ የሚወራ አለ። «የልጇን ሞት ደብቃ ዘጠኝ ሳምንት መኪናውን ነዳች» ይላሉ። ነድቻለሁ። እንዴት እንደሆነ ግን ማንም አልጠየቀኝም። ስለዚህ ከባሌ እህት ከኮኒ ጋር የተጻጻፍነውን እንዳለ ገልብጬ ለአባ ሞራን ሰጥቻለሁ፤ በደብራችን መጽሔት ላይ ያወጡልኛል። ኮኒን የምታውቋት ታውቋታላችሁ። ከባሏ ከሮይ ጋር ስፔን ከገባች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ሮይ ከአሊካንቴ አውሮፕላን ማረፊያ የእንግሊዝ ጡረተኞችን እያመላለሰ ይኖራል።

*

ክሊተር ሙር፣ ፌብሩዋሪ 23

ለተወደድሽ ኮኒ፤

የጌታ ሰላም ከአንቺና ከሮይ አይለይ። ይህ ደብዳቤ በጤና ያግኛችሁ። እኔ አለሁ፤ ይህም መኖር ከተባለ።

ጄራርድን ረቡዕ ዕለት ከአባቱ ከጆስ ጎን ቀበርነው። ከቅዳሜ ጀምሮ ሲዘንብ ሰንብቶ ሳጥኑ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ አባራ። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ኖርማን ነበር። በኋላ «ዊን፣ ምንም አልከበደኝም» አለኝ። ሊያጽናናኝ ፈልጎ ነው መሰለኝ። አበባሽ ሐሙስ ደረሰ፤ ወስጄ አኑሬዋለሁ። የክርስትና እናቱ ስለሆንሽ ምናልባት ትደርሺ ይሆናል ብዬ በፊተኛው ወንበር ላይ ኮቴን አድርጌ ቦታ ይዤልሽ ነበር።

ያቺን ትርፍ ቁልፍ ታስታውሻለሽ? መኪናዋ በስሙ ስለተጻፈች፣ ትርፉን ቁልፍ ከእመቤታችን ሜዳልያ ጋር ባንገቱ ያንጠለጥል ነበር። «እናቴ፣ አንቺ ሹፌር ነሽ፤ ባለቤቱ እኔ ነኝ። ምላስ ካበዛሽ አባርርሻለሁ» ይለኛል። እኔም «አባረኸኝ ማን አፍንጫህን ሊጠርግልህ ነው?» እለዋለሁ። ቀብር አስፈጻሚው «ይህ ይውለቅ ወይ እመቤት?» ብሎ ቢጠይቀኝ «ይተውለት» አልኩት። ከነቁልፉ ተቀበረ።

ከቀብር በኋላ ደብሩ አዳራሽ ሻይና ሳንድዊች አቀረብን። ስሙን አልጠራውም፣ አንድ ጎረቤታችን ሳንድዊቹን ሳይውጥ «እንግዲህ መኪናዋስ ምን ትሆናለች?» አለኝ። ከንፈሩ ላይ ቅቤ ነበረበት። ትቼው ወደ ጓዳ ገባሁ።

የመቃብሩ ድንጋይ እስከ በጋ አይተከልም፤ አፈሩ መጀመሪያ መርጋት አለበት አሉኝ። ስሙን ብቻ ነው የማስጽፈው። ጻፊልኝ ኮኒ። ከጆስ ወገን የቀረሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ።

ዊን

*

ቶሬቪዬሃ፣ ማርች 16

ለውዷ እህቴ ለዊን፤

የቸሩ አምላክ ጸጋ፣ የእመቤታችን ጥበቃ፣ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት ካንቺ ጋር ይሁን። ለሐዘንሽ መጽናናትን፣ ለቤትሽ ሰላምን ይስጥልሽ። እኛ በቸርነቱ ደህና ነን፤ የሮይ ጉልበት ብቻ እንደ ልማዷ ናት።

ቶሎ ስላልጻፍኩ አትቀየሚኝ። ብዕር ባነሣሁ ቁጥር እንባዬ ይቀድመኛል። ለቀብሩ መምጣት ፈልጌ ነበር፤ እመቤታችን ምስክሬ ናት፤ ግን በዚያ ሳምንት ሮይ በቀን አራት ጊዜ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ይመላለስ ስለነበር ስልኩን የሚያነሣ ሰው አልነበረም። እዚህ በእንግሊዝኛ የሚቀድሱበት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ትልቁን ሻማ አበራሁ፤ ትንሹን አይደለም። ምስኪኑ ልጅ አረፈ። መከራው አበቃ። አንቺም አሁን ማረፍ አለብሽ፤ ሃያ አራት ዓመት መሸከም ቀላል አይደለም። እግዚአብሔር የሚያደርገውን ያውቃል።

ራስሽን ጠብቂ፣ ምግብ ብዪ። ሾርባም ቢሆን።

ያንቺዋ ኮኒ

ሮይ ሰላም ይልሻል። መኪናዋ ስንት ማይል ሄዳለች? መወጣጫውስ በሞተር ነው በእጅ? እንዲያው ለማወቅ ነው፤ እሱ መኪና ነገር ሲሰማ ዝም አይልም።

*

ክሊተር ሙር፣ ማርች 21

ውድ ኮኒ፤

ሰላም ላንቺና ለሮይ ይሁን። ደብዳቤሽ ደርሶኛል፤ ሻማ ስላበራሽለት እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ማክሰኞ ዕለት ከድርጅቱ ደብዳቤ መጣ። የተጻፈው ለእኔ አይደለም፣ ለጄራርድ ነው። «ውድ ጄራርድ፤ ከእኛ ጋር ስለተጓዝክ እናመሰግንሃለን። የኪራይ ውልህ ሜይ 30 ቀን ያበቃል። መኪናህን መግዛት ትፈልጋለህ? ከፈለግህ እታች ፈርመህ ላክልን» ይላል። ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ፓውንድ ጠይቀዋል። በር ላይ ቆሜ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለአንድ አፍታ፣ በእውነት እልሻለሁ፣ «ጄራርድ፣ ፖስታ መጥቶልሃል» ልለው አፌን ከፍቼ ነበር።

ገና አልነገርኳቸውም። ቅጹን ከነስልክ ቁጥራቸው ማቀዝቀዣው ላይ በማግኔት ለጥፌዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ወተት ላወጣ ስሄድ አየዋለሁ፤ ወተቱን አወጣለሁ፣ በሩን እዘጋለሁ።

ለምን እንደማልነግራቸው ልንገርሽ። መኪናዋ ወለል ላይ ዊልቸሩ የሠራቸው ሁለት መስመሮች አሉ። አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ምንጣፉን አጎድጉዶታል። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ሴንት ቢስ እነዳለሁ፤ ባሕሩ ፊት ለፊት፣ ሁልጊዜ በምናቆምበት ቦታ አቆማለሁ። አይስክሬም የሚሸጠው ሰውዬ አውቆኝ ሁለት አመጣልኝ። አንዱን በላሁ፣ አንዱ በእጄ ላይ ቀለጠ። ከኋላዬ ገና ሽታው አለ፤ የወንበሩ ትራስ፣ የትከሻው ቅባት፣ ያ ሁልጊዜ የሚያኝከው የሚንት ከረሜላ። ይህን እንዴት አድርጌ ነው ከነቁልፉ አስረክቤ የምመጣው? ልገዛት እፈልጋለሁ። ገንዘቡ ግን የለኝም።

መወጣጫው በሞተር ነው፤ ይሠራል። ስንት ማይል እንደሄደች አላየሁም።

ዊን

*

ቶሬቪዬሃ፣ ማርች 27

ውድ ዊን፤

ሰላምና በረከት። ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ነው የምጽፍልሽ፤ ሮይ ራሱ ፖስታ ቤት ያደርስልኛል።

ዊን፣ ጸልዬበታለሁ። መልሱ ቀላል ነው፤ አትንገሪያቸው። ሜይ 30 ሩቅ አይደለም። አንድ ተራ ቅጽ ነው፤ ፈርመሽ ላኪው። ገንዘቡን እኛ እንልካለን። መኪናዋን ገዝተሽ ስትጨርሺ፣ ያኔ ንገሪያቸው፤ ያኔ ምን ሊያደርጉ ነው? ሮይ በጁን መርከብ ተሳፍሮ መጥቶ ወደዚህ ይነዳታል። እዚህ መወጣጫ ያላት መኪና ብርቅ ናት፤ ከአውሮፕላን ማረፊያ በዊልቸር የሚመጡትን ደንበኞች ሌላው ሁሉ እምቢ ነው የሚላቸው። እኛ ብቻ ልንወስዳቸው ነው! አንቺም በጋውን እኛ ዘንድ ትመጫለሽ፤ ፀሐይ ትሞቂያለሽ፤ እዚያችው መኪና ውስጥ ቁጭ ብለሽ ባሕሩን ታያለሽ። እዚህ ባሕሩ ሞቃት ነው፣ እንደ ሴንት ቢስ አጥንት አይሰብርም።

«በስሙ እንዴት እፈርማለሁ?» እንዳትዪኝ። ልጁ እጁ ከደከመ ጀምሮ ስምንት ዓመት ሙሉ ስትፈርሚለት አልነበረም? ሕጋዊ ፈራሚው አንቺ አይደለሽም? አንድ ጊዜ ደግሞ ብትፈርሚ ማን ይሞታል?

ዛሬውኑ ፈርሚው። ሮይ ይህን ደብዳቤ ካነበብሽ በኋላ ቅደጂው ይላል።

ኮኒ

*

ክሊተር ሙር፣ ኤፕሪል 3

ኮኒ፤

ሰላም ይሁንልሽ።

መልስሽ እንደ ፊተኛው ሦስት ሳምንት አልቆየም፤ ከጻፍሽው በአምስት ቀን ደረሰኝ። ይህን ሳስተውል ደስ አላለኝም።

አሁን የምጽፈውን ለማንም አልተናገርኩም። ደብዳቤሽ ከመምጣቱ በፊት፣ እሑድ ማታ ነው። ሻይ አፍልቼ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጥኩና ቅጹን ከማቀዝቀዣው ላይ አወረድኩት፤ ልሞላው ሳይሆን ላነበው። ብዕሩ እጄ ላይ ነበር። ወደታች ስመለከት ፈርሜያለሁ። «ዊኒፍሬድ ደርኪን፣ ስለ ጄራርድ ደርኪን»። እጄ ራሱ ነው የፈረመው፤ ሐኪም ቤት ሲፈርም፣ ለአበሉ ሲፈርም፣ ስምንት ዓመት እንደለመደው። ቀለሙ ገና እርጥብ ነበር። ተነሥቼ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ሄድኩ። እጄን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጠብኩ፤ ቀለም አልነካኝም ነበር እኮ።

አልላክሁትም። ከሰዓቱ ጀርባ አስቀምጬዋለሁ። ማክሰኞ ዕለት ያንቺ ደብዳቤ መጣ፤ «ማን ይሞታል» ብለሽ ጽፈሽልኛል። ደጋግሜ አነበብኩት። እንደዚህ ያለውን ነገር ስትጽፊ ብዕርሽ እንዴት አልቆመም?

ፖስታ ቤት ደግሞ ሰልፍ ላይ ከኋላዬ ያለችው ሴት «ዊን፣ መኪናዋን አሁንም ትነጃታለሽ አይደል? ነገ ማንን ዊልቸር ላይ ልታስቀምጪ ነው?» አለችኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ከሁሉ የሚያሳፍረኝ የኔ ሳቅ ነው።

እውነቱን ለመናገር መኪናዋን እፈልጋታለሁ። መኪናዋ ከሄደች እሑድ ምን እንደማደርግ አላውቅም። መኪናዋን ባንቺ ገንዘብ ገዝቼ ለሮይ ብሰጠው ግን እሱ ምን ዓይነት መግዛት ነው? አላውቅም። እሺም አላልኩሽ፣ እምቢም አላልኩሽ። የመኪናዋ ቁልፍ እኔ ጋ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ ሌላው የት እንዳለ ታውቂያለሽ።

ዊን

*

ቶሬቪዬሃ፣ ኤፕሪል 9

ዊን፤

ቼኩ አብሮ አለ። ሙሉውን ነው፤ ላንቺ ለነዳጅ እንዲሆንሽ ሃምሳ ጨምረንበታል። በሳምንቱ ውስጥ አስገቢው፤ ነገሩ አይቆይም። ሮይ ከዶንካስተር የመጣ አንድ ሚስቱ ዊልቸር ላይ ያለች ሰውዬ አግኝቶ፣ ለክረምቱ በሙሉ መኪናዋን ይዞለት ቀብድ ተቀብሏል። ስለዚህ አሁን እኔ ብቻ አይደለሁም የምጠብቅሽ።

ፈርሜያለሁ ካልሽ ምን ቀረሽ? ፖስታ ውስጥ መክተት! ሞኝ አትሁኚ። ሙት እንደሆነ መኪና አይነዳም። እኔም እኮ የክርስትና እናቱ ነኝ፤ ድርሻ የለኝም ማለት አትችዪም።

አንድ ነገር አለ። ሮይ ሁለት ቁልፍ የግድ ያስፈልጋል ይላል፤ እንዲህ ያለውን ቁልፍ እዚህ ማስቀረጽ ዋጋው አይቀመስም፣ በዚያ ላይ የእንግሊዝ መኪና ነው። ቀብር አስፈጻሚዎቹ ብዙ ጊዜ ሳጥን ከመዘጋቱ በፊት ብረት ነገር ያወልቃሉ ሲባል ሰምቻለሁ። ደውለሽ ጠይቂው፤ ምናልባት አንድ መሳቢያ ውስጥ ይዞት ይሆናል። ከሌለም… ድንጋዩ እስከ በጋ አይተከልም ብለሽኝ ነበር፤ አፈሩም ገና አልረጋም ብለሽኛል። እኔ ምንም አላልኩም። ሮይ ነው እንዲያው ያሰበው።

መልስሽን በቶሎ።

ኮኒ

*

ክሊተር ሙር፣ ኤፕሪል 27

ኮንስታንስ፤

ደብዳቤሽ የደረሰው ከሆሳዕና ማግስት ሰኞ ነው። አንብቤ ስጨርስ ማስቀመጫ አጣሁለት። ጠረጴዛው ላይ ማኖር አልቻልኩም፤ እዚያ ላይ እበላለሁ። በመጨረሻ በከሰል መቆንጠጫ ይዤ ወደ ጓሮ አወጣሁትና ከቆሻሻ ማጠራቀሚያው ክዳን ላይ ድንጋይ ጭኜበት አደረ። እንደማታምኚኝ አውቃለሁ፤ ኖርማንን ጠይቂው፣ በማግስቱ መጥቶ «ዊን፣ ይህ ደግሞ ምንድን ነው፣ ለወፍ ነው?» ብሎኛል። አስነበብኩት። ኖርማን ክፉ ቃል ከአፉ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ነው። በዚያ ጠዋት ወጣ።

የዚያኑ ዕለት ማክሰኞ፣ ልክ በዘጠነኛው ሳምንት፣ ለድርጅቱ ደወልኩ። አንዲት ሴት አነሣች፤ በድምጿ ወጣት ናት።

«ደንበኛውን ማነጋገር እችላለሁ?» አለችኝ።

«አትችዪም የኔ ልጅ፤ ሞቷል» አልኳት። ቃሉን በአፌ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር። እስከዚያ «አረፈ»፣ «ተለየን» እያልኩ ነበር።

«በጣም አዝናለሁ፤ መቼ ነው?» አለችኝ። ፌብሩዋሪ 11 አልኳት። ኮምፒውተር ላይ ስትጽፍ ሰማሁ፤ ከዚያ ቆመ። እየቆጠረች እንደሆነ ገባኝ። «ዘጠኝ ሳምንት ነው፤ ነድቻታለሁ» አልኳት ቀድሜ። አልተቆጣችኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ የተከፈለው አበል መመለስ እንዳለበት፣ መኪናዋንም ወርኪንግተን ወዳለው ግቢያቸው እንዳደርሳት ነገረችኝ። ቀጥላም «ከፈለጉ መኪናዋን በራስዎ ስም ለመግዛት መጠየቅ ይችላሉ» አለችኝ። ሰማሽ ኮንስታንስ? በራሴ ስም። መጠየቅ ብቻ ነበር። ገንዘቡን ከየትም ብዬ፣ ከኖርማን ተበድሬም ቢሆን እከፍለው ነበር። ስደውል እንደዚያ ልላት አስቤ ነበር።

«አይ፣ ይቅርብኝ» አልኳት።

ለምን እንደሆነ ማወቅ አለብሽ። ያቺ መኪና ውስጥ ገብቼ ስቀመጥ ያገኘሁት የልጄን ሽታ ነበር፤ ከደብዳቤሽ ወዲህ ግን የማየው ካንገቱ ላይ ቁልፍ የሚጎትት እጅ ነው። የሮይ እጅ አይደለም። ያንቺም አይደለም። ቅጹ ላይ የፈረመው እጅ ነው፤ የኔ። መኪናዋን ያጠፋሽብኝ እንዲህ አድርገሽ ነው፤ መወጣጫዋንም ሽታዋንም አብረሽ።

ቅዳሜ ዕለት ወሰድኳት። ትራሱን ብቻ በገበያ ቦርሳዬ ይዤ ወጣሁ። የሚፈትሸው ሰውዬ ወረቀት ይዞ ዙሪያዋን ዞረ፤ ጎማ አየ፣ ጭረት አየ፣ መወጣጫውን ሁለት ጊዜ አወረደ፣ አወጣ። ወለሉ ላይ ያሉትን ሁለት መስመሮች ጎንበስ ብሎ አየ። «ይህ የአገልግሎት ነው፤ አያስጠይቅም» አለና አለፈ። ከዚያ እጁን ዘረጋ።

«ሁለተኛው ቁልፍ፣ እመቤት?»

«እሱ ባለቤቱ ጋ ነው።»

«ባለቤቱ ሊያመጣው ይችላል?»

«አይችልም፤ ክሊተር ሙር መቃብር ነው ያለው። አንገቱ ላይ ነው።»

ሰውዬው ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ። «‹ጠፍቷል› የሚል ቦታ ነው ያለኝ» አለኝ።

«አልጠፋም። የት እንዳለ አውቃለሁ» አልኩት።

ከዚያ የወረቀቱ ጠርዝ ላይ፣ መስመር በሌለበት፣ «ከጄራርድ ጋር» ብሎ ጻፈ። ስሙን ከወረቀቱ ነው ያገኘው። አንድ የማያውቀው ሰው። በአውቶቡስ ተመለስኩ፤ ትራሱን ጭኔ ላይ ይዤ።

ቼክሽ እዚህ ውስጥ አለ፤ ለሁለት ቀድጄዋለሁ። የፈረምኩትን ቅጽ ደግሞ ምድጃ ውስጥ ከትቼ ሲነድ አይቻለሁ። ለጆስ ስል ሌላ አልጨምርም።

ዊኒፍሬድ ደርኪን

*

ቶሬቪዬሃ፣ ጁን 2

ዊኒፍሬድ፤

ሮይ የዶንካስተሩን ሰውዬ ቀብድ መለሰ። ሰውዬው በከተማው ሁሉ ስማችንን አጥፍቶታል፤ ለዚህ ያበቃሽን አንቺ ነሽ። እኛ ለልጅሽ ስንል ልንረዳሽ ነበር የተነሣነው። የጆስ እህት መሆኔን ረሳሽ። እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ፤ እኔ ይቅር ብዬሻለሁ።

ለመሆኑ መኪናዋን ማን ገዛት? በስንት?

ኮኒ

*

ለዚህ አልመለስኩም።

ደብዳቤዎቹን መገልበጡ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ፤ እጄ ቀርፋፋ ነው፣ ትምህርቴም በአሥራ አምስት ዓመቴ ነው ያበቃው። ቀስ ብሎ መጻፍ ግን አንድ ጥቅም አለው፤ እያንዳንዱን ቃል በእጅ መንካት ግድ ይሆናል። ስገለብጥ ያየሁትን ላሳያችሁ። ኮኒ አራት ደብዳቤ ጽፋልኛለች። «ምስኪኑ ልጅ» ትላለች፣ «ልጁ» ትላለች፣ «ልጅሽ» ትላለች፣ አንድ ቦታ ላይ «ሙት» ትላለች። ሮይን በየገጹ ትጠራዋለች። ያን በክንዷ ታቅፋ ክርስትና ያነሣችውን ልጅ ግን በስሙ አንድም ጊዜ አልጠራችውም። ተመልሳችሁ እዩ።

በዚህ ተጸየፍኳት። ቀጥዬ የኔን ካስቀረሁት ረቂቅ ገለበጥኩ። ኤፕሪል 3 የጻፍኩትን ተመልከቱ፤ መኪናዋ፣ መኪናዋ፣ መኪናዋ። የልጄ ስም ያለው ፊርማው ውስጥ ብቻ ነው፤ በውሸቱ ፊርማ ውስጥ። ያን ቀን ከኮኒ የማልሻል ነበርኩ። ደብዳቤዋን በመቆንጠጫ አውጥቼ ጣልኩት፤ ይህኛውን በምን ልያዘው?

በከተማው የሚወራው እንግዲህ ይህ ነው። ዘጠኝ ሳምንት ነድቻለሁ፤ ያለ አግባብ የተከፈለውን አበል በየወሩ እየመለስኩ ነው። የሚስቅ ይሳቅ።

አሁን የሙታን ወር፣ ኖቬምበር፣ ገብቷል። አባ ሞራን መዝገቡን ከፍተው መንበሩ ሥር አስቀምጠውታል፤ የምትጸልዩላቸውን ሰዎች ስም ትጽፉበታላችሁ። ለኮኒም ጸልዪላት ይሉኛል። ገና አልቻልኩም፤ ከቻላችሁ እናንተ ጸልዩላት። ለእኔ ግን የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። በዚያ መዝገብ ፊት ስታልፉ፣ ወይም ሴንት ቢስ ባሕሩ ፊት መኪና አቁማችሁ ዝናቡ እስኪያባራ ስትጠብቁ፣ አንድ ጸሎት አድርሱለት። «የዊን ልጅ» አትበሉ። «ያ ምስኪን» አትበሉ። እግዚአብሔር ዘንድ የሚታወቅበት ስም አለው፤ እናንተም በእሱ ጥሩት።

ጄራርድ በሉት።